የኑዛዜ ቃልና የአጋሰስ ውለታ

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለው ተረት ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ተረቱን የፈጠረው ሰው ስለ ሆነ ጥፋቱ በአህያዪቱ ላይ ተጫነ፤ መቸም ጭነት ለእርሷ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩ በሚገባ ቢመረመር፣ አህያ ከሞተች በኋላ ስለሚበቅለው ሣር ስትከራከር የተሰማችበት ጊዜ የለም። ከእርሱ በኋላ ስለሚሆነው ሳያስብ፣ ሀብቱን ሳያደላድል፣ የተዋለለትንም ውለታ ሳይመልስ የሚያልፈው ሰው ነው። ስለዚህ ተረቱ ወደ እውነተኛው ባለቤት ቢመለስ ፍርዱ የተስተካከለ ይሆናል።

በቀይ ባሕር ዳርቻና በደጋው መካከል የነበረው ንግድ በማን ጀርባ ላይ እንደ ቆመ ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከምጽዋ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አሥመራ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣው ጨርቅና ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርደው ቆዳ፣ ማርና ሰም በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ይመላለስ ነበር። ሐዲዱ ከተዘረጋም በኋላ ቢሆን ባቡር የማይደርስበት አገር ሁሉ ለአጋሰስ የተተወ ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚቆረጠው አሞሌ ጨው ወደ ትግራይ ደጋ የወጣው በግመል ጀርባ ነው። ሲራራ ነጋዴው ሀብታም ሆኖ፣ መጋዘን ሠርቶ፣ ልጆቹን አስተምሮ በክብር ሲያርፍ፣ ያን ሁሉ ሀብት ዳገት ያወጡት እንስሳት ግን ገጣባ ሆነው በየሜዳው የጅብ ራት ሆነዋል። በሒሳብ መዝገብ ረገድ ሲታይ ይህ ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

ዕዳውን ለሙታኑ እንስሳት መክፈል አይቻልም፤ ለሕያዋኑ ግን ይቻላል። ከመንገዶቹም አንዱ፣ ሰው ኑዛዜውን በሚያደርግበት ጊዜ ከሀብቱ ጥቂቱን ክፍል እንስሳትን ለሚያክምና ከጭካኔ ለሚጠብቅ ማኅበር እንዲሰጥ ማዘዝ ነው። ይህ ሐሳብ በዚህ አገር እንግዳ ቢመስልም በሌላው ዓለም ብዙ ዘመን የቆየና ፍሬውም የታየ ነው።

በእንግሊዝ አገር እንስሳትን ከጭካኔ ለመከላከል የቆመው ማኅበር በ1824 በሎንዶን ተመሠረተ፤ በ1840 ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ «ንጉሣዊ» ተብሎ እንዲጠራ ፈቀደችለት። ይህ ማኅበር ከገቢው ከፍተኛውን ክፍል የሚያገኘው ከሙታን ኑዛዜ ነው። ከዚህም የሚበልጥ አስገራሚ ታሪክ አለ። ኤልዛቤት ስቬንድሰን የተባለች እንግሊዛዊት በ1969 ለአህዮች መጠለያ የሚሆን ማኅበር አቋቋመች። በ1974 አንዲት ሌላ ሴት በሞተች ጊዜ ኑዛዜዋ ሲከፈት፣ ለዚሁ ማኅበር ገንዘብ ሳይሆን ሁለት መቶ አራት አህዮች አውርሳ ተገኘች። ማኅበሩ የእነዚህን ሁሉ ቀለብ ከወዴት እንደሚያመጣ ተጨንቆ ነበር፤ ሆኖም ውርሱን ተቀበለ፤ ከዚያም በኋላ በዓለም ከታወቁት የእንስሳት ረድኤት ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቃ።

የብሩክ ማኅበር ታሪክም ለዚህ አካባቢ ቅርብ ነው። ዶሮቲ ብሩክ በ1930 ወደ ካይሮ በመጣች ጊዜ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን ጦር ያገለገሉ ፈረሶች ከጦርነቱ በኋላ ተሸጠው በከተማዪቱ መንገዶች ላይ በእርጅናና በረኃብ ሲሠቃዩ አገኘቻቸው። በ1931 ይህን ሁኔታ ለሎንዶን ጋዜጣ ጽፋ ከአንባቢዎች ገንዘብ አሰባሰበች፤ አምስት ሺህ ያህል ፈረሶችንም ገዝታ ከሥቃይ አሳረፈች፤ በ1934 በካይሮ የፈረሶች ሐኪም ቤት አቆመች። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የፈረሶቹ ባለቤቶች ራሳቸው ድሆች እንደ ነበሩ ነው። ስለዚህ በነጻ የሚያክመው ሐኪም ቤት ለእንስሳውም ለባለ ጋሪውም መድኃኒት ሆነ።

ከእነዚህ ማኅበራት ሁለቱ፣ የአህዮቹ መጠለያና ብሩክ፣ በኢትዮጵያም ሠርተዋል። የአህዮቹ ማኅበር በቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር በመተባበር ለገበሬው አህያ ሕክምና ሰጥቷል። እንግዲህ በእንግሊዝ ገጠር ያረፈች አንዲት ባልቴት የጻፈችው ቃል ከብዙ ዓመታት በኋላ በኢትዮጵያ ገበያ የቆመችውን አህያ ገጣባ ሊያድን ይችላል ማለት ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ የሚያሳፍርም ነገር ነው። በአህያ ቁጥር ከዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ሆና ሳለ፣ የአህያዪቱን ቁስል የሚያጥበው የባዕድ አገር ኑዛዜ ብቻ ሊሆን አይገባውም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም በንቀት የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው፣ «ሰው እየተራበ ለከብት ማውረስ ግፍ ነው» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ከገበያ መንገድ ላይ ይገኛል። ውሃ የምትቀዳውና እንጨት የምትሸጠው ድኻ ሴት ያላት ሀብት አንዲት አህያ ብትሆን፣ አህያዪቱ ባነከሰች ቀን ጭነቱ ወደ ሴቲቱ ጀርባ ይዞራል፤ ከትምህርት ቤት የምትቀረውም ልጅዋ ናት። የጋሪ ፈረስ ሲወድቅ የሚወድቀው የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው። ስለዚህ የጭነት እንስሳን ማከም ለድኻ ከሚደረጉት ምጽዋቶች እጅግ ቁጠባ ያለበት ምጽዋት ነው፤ በጥቂት ገንዘብ የቤተ ሰቡ ዕለታዊ ገቢ ይድናልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወራሾች ነው፤ ይህም ይበልጥ ይከብዳል። በእንግሊዝ አገር በ2004 የሞተች አንዲት እናት ከ486,000 ፓውንድ ሀብቷ አብዛኛውን ለሦስት የእንስሳትና የአእዋፍ ማኅበራት አውርሳ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከቤት የወጣችውን አንዲት ልጇን ከውርሱ አስቀረቻት። ልጅቱ በችግር ላይ ስለ ነበረች ክስ አቀረበች። የመጀመሪያው ዳኛ 50,000 ፓውንድ ወሰነላት፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2015 ድርሻዋን ወደ 143,000 ፓውንድ ከፍ አደረገው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በመጋቢት ወር 2017 ወደ መጀመሪያው 50,000 መለሰው፤ ለበጎ አድራጎት የተተወ ኑዛዜም ክብደት እንዳለው አስገነዘበ። ከእናቲቱ ሞት እስከ መጨረሻው ፍርድ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ።

ከዚህ ፍርድ የሚወሰደው ትምህርት «ማኅበራቱ አሸነፉ» የሚል አይደለም። እናት ከልጇ ጋር ያላትን ቂም በኑዛዜ ስትወጣ፣ እንስሳቱ የቂም መሣሪያ ሆነው ተገኙ። ለእንስሳት የሚደረግ ስጦታ ከርኅራኄ መነሣት አለበት እንጂ ልጅን ለመቅጣት የሚሰነዘር በትር መሆን የለበትም፤ አለዚያ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለው ይደርሳል። አስቀድሞ ለልጆች፣ ለትዳር ጓደኛና ለአረጋውያን ወላጆች የሚገባው ይደላደል፤ ከዚያም ከተረፈው ጥቂቱ ለእንስሳት ይሁን፤ ይህም በሕይወት ሳሉ ለወራሾች በግልጽ ይነገር። ወራሽ በድንገት የሚሰማው ቃል ለጠብ መነሻ ይሆናል፤ አስቀድሞ ያወቀው ግን የአባቱ ፈቃድ ሆኖ ይከበራል።

ሃይማኖትም ቢጠየቅ ይህን አይከለክልም። በእስልምና ሕግ ሰው ወራሾቹ ላልሆኑት ሊናዘዝ የሚችለው እስከ ሀብቱ ሲሶ ነው፤ የተጠማ ውሻን ከጉድጓድ ቀድቶ በማጠጣቱ ምሕረት ስላገኘው ሰው የሚነገረውም የነቢዩ ሐዲስ በሙስሊሙ ዘንድ የታወቀ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚራራ መጽሐፈ ምሳሌ ያስተምራል፤ የበለዓም አህያ በግፍ በተመታች ጊዜ የተገሠጸው መቺው እንጂ ተመቺዋ እንዳልሆነች ኦሪት ይናገራል። ለተዝካር ሰንጋ የሚጥል ባለጸጋ ከድግሱ ወጭ ጥቂቱን ቀንሶ ለአንድ ዓመት የእንስሳት መድኃኒት ቢተው፣ ነፍሱ የምትጎዳ አይመስልም።

ፈቃዱ ካለ የቀረው የሕግ ሥርዓት ነው፤ ብዙ መልካም ሐሳብ የሚሰናከለውም በዚህ ላይ ነው። በአገራችን ልማድ ሰው የሚናዘዘው በሞት አልጋ ላይ ሆኖ በንስሐ አባቱና በሽማግሎች ፊት በቃሉ ነው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል የሚደረግ ኑዛዜን ያጠበበው ሲሆን፣ በእንዲህ ያለው ኑዛዜ የሚተው ስጦታ እያንዳንዱ ከ500 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ሊነበብ፣ ይህም መፈጸሙ ከነቀኑ ሊጻፍበትና ወዲያውኑ ሊፈረምበት ይገባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ እንደ ሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ተናዛዡ ራሱ የሚጽፈው ኑዛዜ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእጁ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ይህን ጽፎ በሣጥን ቆልፎ መተውም አይበቃም፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳልና። በሌላ አገር የሚኖር ሰውም የሚኖርበትን አገር ሕግ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አይዘነጋ። እንስሳ በሕግ ፊት ንብረት እንጂ ሰው ስላልሆነ ሊወርስ አይችልም። «ይህ ገንዘብ ለበቅሎዬ ይሁን» ብሎ የጻፈ ምንም አላወረሰም። ስጦታው የሚጸናው በሕግ ለተመዘገበ ማኅበር ሲሰጥ ነው፤ የማኅበሩም ስም እንደ መዝገቡ ሳይዛነፍ ይጻፍ። መጠኑ በቁርጥ ገንዘብ ወይም ከዕዳና ከሌሎች ስጦታዎች በኋላ በሚተርፈው ሀብት ላይ በድርሻ ሊነገር ይችላል። ገንዘብ በጊዜ ብዛት ዋጋው እንደሚቀንስ ነጋዴ ስለሚያውቅ፣ ድርሻ መናገሩ ይሻላል። ማኅበሩ ቢፈርስ ስጦታው ለማን እንደሚተላለፍም አብሮ ይነገር።

በዚህ ረገድ የአስተዳዳሪዎች ኃላፊነት ቀላል አይደለም። ሰው የሚያወርሰው የሚያምነውን ነው። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ማኅበራት ተመዝግበው ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኙና ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ እንዲያሰባስቡ መንገድ ከፍቷል። መንገዱ መከፈቱ ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ የማኅበሩ ሒሳብ በየዓመቱ የሚመረመርና ለሕዝብ የሚገለጽ ሊሆን ይገባዋል። የሙት ገንዘብ ባለቤቱ ተነሥቶ «የት ገባ?» ብሎ ሊጠይቅ ስለማይችል፣ ጠያቂው ሹሙ ነው። ለሕያው አደራ የማይታመን ማኅበር ለሙት አደራ ሊታመን አይችልም። ሹሙ በቸልታ ያለፈው አንድ ጉድለት የሚቀጥሉትን አሥር ተናዛዦች እጅ ያስራል።

ነጋዴውም ማኅበሩን በሕይወቱ ሳለ ሊጎበኘው፣ ጥቂት ሰጥቶ ሊፈትነው ይገባዋል። በሚጠቀምባቸው እንስሳት ላይ ጭነት እያበዛ፣ በኑዛዜው ግን ርኅሩኅ ሆኖ ለመታየት የሚሻ ካለ ደግሞ ሥራው ከቃሉ በፊት ይመሰክርበታል። ጭነትን መመጠን፣ ኮርቻን ማስተካከል፣ በቀትር ውሃ ማጠጣት ምስክር የማያሻቸው የዕለት ኑዛዜዎች ናቸው።

ሰው ከዚህ ዓለም ሲለይ ይዞት የሚሄደው የለም፤ ትቶት የሚሄደው ግን አለ። ከመጋዘኑ፣ ከቤቱና ከገንዘቡ ጥቂቱ ዳገቱን ለወጡለት ቢተርፍ፣ ልጆቹ አይደኸዩም፤ ስሙም ከመቃብሩ ድንጋይ ይልቅ በዳነ ጀርባ ላይ ይቆያል። ያን ጊዜ ከሞተ በኋላ ሰርዶ እንዲበቅል የፈቀደ ሰው ተገኘ ይባላል፤ አህያም ሳትበድል ከተሸከመችው ተረት ታርፋለች።