ከሚሴ ሲደርስ

ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን፣ 4ንና 5ን ያወጣው በፈረንጆቹ 2006፣ 2013 እና 2020 ነው። ቺፕ ሲረክስ፣ የአሮጌው ሽያጭ ሲቀዘቅዝ፣ ማይክሮሶፍትም ሲፎካከረው አዲሱን ያመጣል። ከሚሴ ላይ ግን ቀኑን የሚቆርጡት ዶላር፣ ቀረጥና ከአረብ አገር የሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ናቸው። የጨዋታ ቤቱ ባለቤት ጎማው የተላጠ ጆይስቲክ በፕላስተር ጠቅልሎ የሚያሠራው ሰንፎ አይደለም፤ በየጨዋታው የሚለቅማት ብር የአዲስ ማሽን ዋጋ እስክትሞላ ዓመታት ይፈጃል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ይብሱን ራቀበት። እና ይህን ባለቤት «ኋላ ቀር» ማለት ግፍ ነው። ሶኒ ራሱ በፈረንጆቹ 2000 ያወጣውን ፕሌይስቴሽን 2 ከአሥር ዓመት በላይ አምርቶታል። አሁንም አዲሱን ሲያወጣ የአሮጌውን ጆይስቲክና መለዋወጫ ማምረቱን ባያቆም፣ ለከሚሴ ልጆች ከየትኛውም አዲስ ማሽን ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።