እርከኑ የማን ነው?

ድርቅን የሰማይ ቁጣ ብቻ አድርጎ መመልከት ችግሩን ከሥሩ አለመረዳት ነው። የዘነበውም ዝናብ ቢሆን በተራቆተው ተዳፋት ላይ ሳይሰርግ አፈሩን ጠራርጎ ይወርዳልና።

ከ1977ቱ ረሃብ በፊትና በኋላ በወሎ ተራሮች በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር፣ ስንዴ እየተሰፈረ፣ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ተራሮችም ተከለሉ። ሥራው ከንቱ ነበር አይባልም። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ከላይ፣ ጉልበቱ ከታች ነበር፤ የተከለለውን ሣር ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉን ማን እንደሚቆርጥ ለገበሬው በግልጽ አልተወሰነለትም። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ቁጥጥሩ ሲላላ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ ዛፉም ተመነጠረ። ይህን በገበሬው ድንቁርና የሚያሳብብ ሰው (ዛሬም አይጠፋም) የባለቤትነትን ጥያቄ የሸሸ ነው።

በትግራይ፣ በውቅሮ አቅራቢያ፣ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች ተራራቸውን ከልቅ ግጦሽ ከልለው እርከንና ክትር ሠሩ። ሰርጎ የቀረው ውኃ በጉድጓዶቻቸው ወጣ፤ ፍራፍሬ በመስኖ ለማልማት በቁ። በሰኔ 2004 ዓ.ም. የኢኳተር ሽልማት ተሰጣቸው።

በየቀበሌው ስለ እህል ዋጋ የምንወያይ ሠራተኞች፣ የእርከኑን ኪሎ ሜትር ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ሲነበብልን፣ ሣሩን የሚያጭደው ማን እንደሆነ እንጠይቅ።