ጋሞ ጎፋ የትኛው ነው? በናሙና መዝገቦቻችን ስለሚገኙ የቦታ ስሞች

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ከልዩ ልዩ የዕፀዋት ናሙና መዝገቦች ያሰባሰብሁትን ሠንጠረዥ ሳጠራ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። «ገሙ ጎፋ»፣ «ጋሞ ጎፋ»፣ «ጋሙ-ጎፋ» እየተባለ የተመዘገበውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ «ጋሞ ዞን» በሚል ተካሁት። ሠንጠረዡ አማረ። መጋጠሚያ ነጥብ ለሌላቸው ናሙናዎችም የዞኑን መካከለኛ ነጥብ ሰጠሁ። ስሕተቱን ያየሁት ካርታ ላይ ሳሰፍረው ነው፤ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የተሰበሰበ የቆላ ግራር የጋሞ ደገኛ ሆኖ ተገኘ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወደ ጥፋቱ የመራኝ አስተሳሰብ ግን የብዙዎቻችን ይመስለኛል። ወጥነት ማለት አንድ ቦታ በሁሉም መዝገብ በአንድ ዓይነት፣ ያውም በዛሬው የአስተዳደር ስሙ መጻፉ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ አልስማማም።

«ጋሞ ጎፋ» የሚለውን ስም ብቻ እንመልከት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገር ስም ነበር፤ ያኔ የዛሬዎቹን ጋሞንና ጎፋን ብቻ ሳይሆን እስከ ኬንያ ድንበር የሚዘልቀውን የኦሞ ቆላም ይጨምር ነበር። ከዚያ አካባቢው «ሰሜን ኦሞ» ተባለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኦሞ ሲከፈል «ጋሞ ጎፋ» ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ዞን ስም ሆኖ ተመለሰ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ጋሞና ጎፋ ለየብቻ ዞን ሆኑ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ሁለቱም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ናቸው። ስለዚህ በናሙናው መለያ ወረቀት ላይ ያለው «ጋሞ ጎፋ» የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ናሙናው የተሰበሰበበት ዓመት ነው። ዓመቱን ሳያዩ ስሙን «ማረም» ማስረጃ ማጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጽ የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ በቀድሞዎቹ ክፍላተ ሀገር ላይ የተመሠረቱ የፍሎራ ክልሎችን መጠቀሙ ያረጀ አሠራር የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን አስተዋይነት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ምክር ቤት በተሰበሰበ ቁጥር አይለዋወጥምና።

የተፈጥሮ ስሞችም ቢሆኑ ከለውጥ አላመለጡም። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 አባያ ሐይቅ ሲደርስ በንግሥታቸው ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው፤ ስያሜው በካርታዎችና በሳይንሳዊ ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት ኖሯል። «ማርጌሪታ» የሚለውን ከመዝገቡ ፍቀን «አባያ» ብቻ ብንጽፍ፣ የድሮውን ጽሑፍ ይዞ ናሙናውን የሚፈልግ ተመራማሪ መንገዱ ይዘጋበታል። «አባያ»ም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወደ ዓባይ ሊጠጋ እንደሚችል አንዘንጋ። ያም ሆኖ ሐይቁ ከቦታው አልተነሣም። እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1948–49 ለምርምር የተጓዘበት «የጉጌ ደጋ» ከዚያ ወዲህ ስንት አስተዳደር ቢፈራረቅበትም ዛሬም ያው ደጋ ነው። ተራራ፣ ወንዝና ሐይቅ ከወረዳና ከዞን ይልቅ የሚታመኑ ምስክሮች ናቸው።

የፊደሉ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ነጭ ሳር» በላቲን ፊደል ቢያንስ በአራት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ፤ «ጨንቻ» ደግሞ በጣሊያንኛ አጻጻፍ ሲመጣ ለአገሬው ሰው እንኳ ያስቸግራል። የምር ጉዳት የሚያስከትል መሆኑን ለመረዳት የነጭ ሳርን ናይትጃር ማሰብ ይበቃል። ይህ የሌሊት ወፍ አይደለም፤ በሌሊት የሚበር አእዋፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ ከተገኘ አንድ ክንፍ ተነሥቶ በ1995 እንደ አዲስ ዝርያ ተገለጸ፤ ሳይንሳዊ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» እንደማለት ነው። ክንፉን ከቦታው ስም ብንነጥለው ተመልሶ ወፉን የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምራል?

በእኛ አካባቢ ደግሞ ትንሽ የቦታ ስሕተት ትልቅ የከፍታ ስሕተት ይሆናል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪ.ሜ. እንኳ አይሞላም። «ከአርባ ምንጭ 20 ኪ.ሜ. ወደ ጨንቻ» የሚለው በመንገዱ ጥምዝምዝ ነው የተለካው ወይስ በአየር? «አርባ ምንጭ» ብቻ የሚለውስ ሴቻ ነው፣ ሲቀላ ነው፣ ወይስ ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ያሉበት ደን? በሙቀት መጨመር ምክንያት ዕፀዋት ወደ ላይ እየሸሹ መሆን አለመሆናቸውን ለማጥናት የምንነሣ ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ነጥብ ላይ ሞዴል ብንገነባ፣ የምንለካው የዕፁን ጉዞ ሳይሆን የጸሐፊውን ቸልታ ነው። አዲንዳን በተባለው መሠረት ከተሠሩት የቀድሞ ካርታዎቻችን የተነበበ መጋጠሚያ ነጥብ እንኳ የዛሬው ጂፒኤስ ከሚሰጠው በ200 ሜትር ያህል ይዛነፋል፤ በገደላማው ዳገት ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ወጥነቱ ከስሙ ይልቅ በአመዘጋገቡ ይሁን እላለሁ። ሰብሳቢው የጻፈው ቃል፣ ከነስሕተቱ፣ ማንም በማይነካው ዓምድ ይቀመጥ፤ ዓለም አቀፉ የዳርዊን ኮር መስፈርት ለዚህ ራሱን የቻለ ዓምድ አለው። የእኛ ትርጓሜ በሌላ ዓምድ ይግባ፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ካርታ እንደተረጎመውም ይጻፍ። ነጥቡ ስንት ሜትር ወይም ስንት ኪሎ ሜትር ሊሳሳት እንደሚችል አብሮ ይመዝገብ። በዛሬ የመስክ ሥራ ደግሞ የአካባቢው ሰው ቦታውን የሚጠራበትን ስም በግዕዝ ፊደልም፣ የጋሞ ቋንቋ በሚጻፍበት የላቲን ፊደልም እንያዝ፤ ከእረኛው የተሻለ የጅረት ስም የሚያውቅ ካርታ እስካሁን አላገኘሁም። ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ልክ ናቸው፤ በመስክ ማስታወሻ ላይ ሁለት መስመር ይጨምራል። ከዓመታት በኋላ የሚነሣው ተማሪ ያንን ሁለት መስመር ለማግኘት የሚያጠፋው ወራት ግን በማንም በጀት ውስጥ አይታይም።

እኔም ሠንጠረዤን ወደ ቀድሞው መልኩ መልሼ እያንዳንዱን መለያ ከዓመቱ ጋር አንድ በአንድ አነበብሁ። አንዳንዶቹ ከ«ገሙ ጎፋ ክፍለ ሀገር» በቀር ምንም ስለማይሉ የስሕተታቸው ክብ ከቆላ እስከ ደጋ ሆነ፤ ከትንተናው አወጣኋቸው፤ ከመዝገቡ ግን አልሰረዝኋቸውም። በካርታዬ ላይ ያሉት ነጥቦች ቀንሰዋል።