ከግብዣ የቀረ ሰው ሥጋ



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢ ሆይ! በአንድ መሥሪያ ቤት የሽኝት ግብዣ ተዘጋጀ እንበል። መዋጮው ተሰብስቧል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ቀርቧል። ከሠራተኞቹ መካከል ግን አንዷ የለችም። ጠዋት ለኃላፊዋ «አሞኛል፤ አልችልም» ብላ ወደ ቤቷ ሄዳለች። አቦሉ ሲጠጣ «ምን ሆና ቀረች?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቶናው ላይ «ትናንት ገበያ አይቻታለሁ፤ ደኅና ነበረች» የሚል ምስክር ይገኛል። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ሴትየዋ ወይ ኩራተኛ፣ ወይ ለመዋጮ የምትሳሳ፣ ወይ ስሙ በሹክሹክታ የሚነገር በሽታ ያለባት ተብላ ተፈርዶባታል። ስኒው በረካ ይባላል፤ በረካው ግን ከዚያ ቤት ከወጣ ቆይቷል።

ይህ በደባርቅና በዳባት ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በጎንደርም በአዲስ አበባም አለ። ነገር ግን ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት ትንሽ ከተማ ወሬው ይከብዳል። ጠዋት ቢሮ የተወራው ከሰዓት ገበያ ይደርሳል፤ ማታ ደግሞ የሰውየው ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞት ይገባል። አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ለዚህ ነው። የሰሜን ተራሮችን አፋፍ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ከዚያ የወደቀ ነገር እንደማይመለስ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው። ሕመምተኛ ከግብዣ በመቅረቱ ለባልደረቦቹ የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። ዕዳ ያለበት ስለ እርሱ የተናገረው ሰውና ተናጋሪውን ዝም ብሎ የሰማው ጉባኤ ነው።

«እውነቱን ነው የተናገርኩት»

ሐሜተኛ ሲገሠጽ የመጀመሪያ መከላከያው «ያልሆነ ነገር አልተናገርኩም» የሚል ነው። ይህ መከላከያ ግን ከ1,400 ዓመታት በፊት መልስ አግኝቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐሜት ወንድምህን እርሱ በሚጠላው ነገር ማንሳት መሆኑን ሲያስረዱ፣ የተባለው ነገር በእርግጥ ያለበት ከሆነስ ተብለው ተጠይቀዋል። መልሳቸው ነገሩ ካለበት ሐሜት፣ ከሌለበት ደግሞ ቅጥፈት ነው የሚል ነበር። ስለዚህ እውነት መሆኑ ሐሜተኛውን ከሐሜት አያወጣውም፤ ከባሰው ወንጀል ብቻ ነው የሚያድነው።

የሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽም ሦስት ነገሮችን በተርታ ይከለክላል፦ ጥርጣሬ ማብዛትን፣ የሰውን ነውር መሰለልንና ማማትን። የአቦሉን፣ የቶናውንና የበረካውን ወሬ መለስ ብለህ አስብ። መጀመሪያ ጥርጣሬ መጣ፤ ቀጥሎ «ገበያ አይቻታለሁ» የሚል ስለላ መጣ፤ በመጨረሻ ሐሜቱ መጣ። አንቀጹ የሚያማውን ሰው የሞተ ወንድሙን ሥጋ ከሚበላ ጋር ያመሳስለዋል። የሞተ ሰው ሥጋው ሲቆረጥ መከላከል አይችልም፤ ከግብዣው የቀረም ሰው እንዲሁ።

ሁለተኛው መከላከያ ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል፤ ሐሜቱ የዱዓ ልብስ ለብሶ ይመጣል። «ምስኪን፣ አላህ ያሽራት፤ ያ በሽታ ይዟት ነው አሉ» ይባላል። በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ሐሜትን በዱዓና በሐዘኔታ ሸፍኖ የሚያቀርብን ሰው አጥብቀው ነቅፈዋል። ሰውየው ሐሜትንና ራስን ጻድቅ አድርጎ ማሳየትን አጣምሯልና። በእርግጥ ያዘነላት ሰው ዱዓውን ሌሊት ብቻውን ያደርግላታል፤ ወይም ቤቷ ሄዶ ይጠይቃታል። በሽተኛን መጠየቅ የሙስሊም ሐቅ ነው፤ የበሽተኛን ምሥጢር ማከፋፈል ግን የማንም ሐቅ አይደለም።

በተቡክ ስለቀረው ሰው

«ካልተጠየቀ እንዴት ይታረማል? ሰው ከማኅበር ሲቀር ዝም ይባላል እንዴ?» የሚል ሊኖር ይችላል። እስቲ ከግብዣ እጅግ ከሚበልጠው ከተቡክ ዘመቻ የቀረውን ሰው እንመልከት።

በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተቡክ ደርሰው ከሰዎች ጋር ተቀምጠው ሳለ ከዕብ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከበኑ ሰሊማ ጎሣ አንድ ሰው፣ ያስቀረው በልብሱና በቁመናው መመካቱ ነው ሲል መለሰ። ሙዓዝ ኢብን ጀበል (ረ.ዐ) ወዲያው ያ ሰው መጥፎ ነገር መናገሩን ገልጾ፣ ስለ ከዕብ የሚያውቁት መልካም ብቻ መሆኑን መሰከረለት። ነቢዩም ዝም አሉ።

አንባቢ ሆይ! የዚህን ታሪክ መጨረሻ አስተውል። ከዕብ በእርግጥ ምክንያት አልነበረውም፤ ኋላም ራሱ አምኗል። ከ50 ሌሊት መገለል በኋላ ተውበቱ ተቀባይነት አግኝቷል። ሆኖም የሙዓዝ ቃል ስሕተት ነበር ያለ ሊቅ የለም። የሌለን ወንድም ክብር መጠበቅ ወንድሙ ምክንያት ያለው ሆኖ ሲገኝ ብቻ የሚሠራ ግዴታ ስላልሆነ ነው። ከዚህም በላይ ነቢዩ ከዘመቻው ሲመለሱ ሰማንያ ከሚበልጡ ሰዎች የቀረበላቸውን ሰበብ በግልጽ እንደተነገረው ተቀብለው፣ የልባቸውን ለአላህ ትተውታል። ለዘመቻ ይህ ከተደረገ፣ ለቡናና ለዳቦ የሰውን ሰበብ የምንመረምር እኛ ማን ነን?

በሽተኛን በተመለከተማ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ቁርኣን በሱረቱ-ተውባህ 91ኛ፣ በሱረቱ-ኑር 61ኛና በሱረቱል-ፈትሕ 17ኛ አንቀጾች ከበሽተኛ ላይ ወቀሳን ያነሳል። አላህ ያልወቀሰውን የቢሮ ጉባኤ ይወቅሰዋልን? የአገራችን ሕግ እንኳ ለበሽተኛ ይራራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱን በግማሽ፣ ሦስቱን ያለ ደመወዝ። ደመወዝ ከሚከፈልበት ሥራ ሕመም ካስቀረ፣ ደመወዝ ከሌለው ግብዣ እንዴት አያስቀርም? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱን ይጠብቃል።

ምክንያቱን መናገር የማይችል ሰው አለ

የመዲናው ኢማም ማሊክ በመጨረሻ ዘመናቸው በመስጂድ መቀመጥን፣ ቀጥሎም ጁሙዓንና የቀብር ሥነ ሥርዓትን መካፈል እንደተዉ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ሲጠየቁም ምክንያቱን መናገር ሁሉም ሰው የሚችለው ነገር እንዳልሆነ ብቻ ይመልሱ ነበር። በሞት አልጋቸው ላይ ግን ሽንታቸውን መቆጣጠር የማይችሉበት ሕመም እንደነበረባቸውና ያለ ንጽሕና ወደ ነቢዩ መስጂድ መግባትን እንደጠሉ መናገራቸው ተዘግቧል። ያረፉት በ179 ዓመተ ሂጅራ ነው። የመዲና ሰዎች ኢማማቸውን ታግሠዋቸዋል፤ ክብራቸውም አልቀነሰም።

ዛሬስ? በወሊድ ጉዳት ምክንያት እንደ ኢማሙ ያለ ሕመም የያዛቸው እናቶች በአገራችን ብዙ ናቸው። በአዲስ አበባ የተከፈተው የፌስቱላ ሆስፒታል፣ በኋላም ባሕር ዳር ላይ የተከፈተው ማዕከል ያከሟቸው ሴቶች ከሰው ተለይተው፣ በር ዘግተው የኖሩ ነበሩ። ከሰው የለያቸው ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ የሰው አፍም ነው።

በእኛ አካባቢ ያለውን ደግሞ ተመልከት። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። የሠራተኞች ጉዞ ወደ ሳንቃ በር ሲዘጋጅ ከ3,200 ሜትር በላይ ይወጣል። የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰው እዚያ አየሩ ሳስቶ ትንፋሽ ቢያጥረው ማን ይደርስለታል? ለጨጓራ በሽተኛ የበርበሬው ወጥ፣ ለስኳር በሽተኛ በስኳር የጣፈጠው ሻይና ለስላሳው፣ ለአስም በሽተኛ የዕጣኑ ጭስ የሚያመልጡት ነገር እንጂ ግብዣ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ዘልቆ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ያንን ያየ ሰው ግርግርና ጩኸት ካለበት ቢሸሽ ኩራት ነው ይባላል? ይህ የልብ ቁስል ከማንኛውም ሕመም የማያንስ ምክንያት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአካባቢያችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የየራሱን እርድ ይበላል፤ በቡናው፣ በለቅሶውና በሠርጉ ግን አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ሙስሊም ሠራተኛ በሕመም ሲቀር «ንቆን ነው» ይባላል፤ ክርስቲያን ጎረቤቱ ከእኛ ድግስ ሲቀርም ከእኛ መካከል እንዲሁ የሚል አይጠፋም። የአንድ ሰው ራስ ምታት የሁለት ሃይማኖት ጠብ ሆኖ የሚያድረው እንዲህ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብሎ የሚተርትም አይጠፋም። ተረቱ እውነት ነው፤ የተተረተው ግን ስለ ሐኪም ነው። ለቡና ጉባኤ የተነገረ በሽታ መድኃኒት አላገኘም። እንዲያውም ወሬ ፈርተው ከሚታወቁበት ከተማ ወጥተው፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዘው መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን አሉ። የመጓጓዣ ገንዘብ ያጣ ቀን መድኃኒቱም ይቋረጣል። ሳንባ ነቀርሳን የመሰለ በሽታ በተለመደው ሕክምና 6 ወር ሳያቋርጡ መድኃኒት መውሰድ ይጠይቃል። እንግዲህ ሐሜቱ ስም ብቻ ሳይሆን ነፍስም ያጠፋል።

ስለ አንተ ከተወራስ?

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! ታመህ ቀርተህ «እገሌ እንዲህ አለብህ» የሚል ሰው ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ? ሊቃውንት፣ ከእነርሱም ኢማም አል-ገዛሊ፣ ወሬ የመጣለትን ሰው ስድስት ነገር ያዝዙታል፦ ወሬ አመላላሹን አለማመን፣ ከሥራው መከልከል፣ ሥራውን ለአላህ ብሎ መጥላት፣ በሌለው ወንድም ላይ ክፉ አለመጠርጠር፣ ነገሩን ለማጣራት አለመሰለል፣ ወሬውንም መልሶ ለሌላ አለመንገር። ብዙዎቻችን የምንወድቀው በስድስተኛው ነው። ታማሁ ብለን ስናማርር ያማንን እናማለን።

ወሬው በአንድ ሰው አፍ ብቻ ከመጣ ተወው። ከየአቅጣጫው ደርሶህ ሥራህን የሚያውክ ከሆነ ግን ባልደረባህን ለብቻው አግኘው፤ ወሬውን ያመጣልህን ሰው አታንሳ። «ወንድሜ፣ የቀረሁት ለጤናዬ ነው። ከዚህ በላይ ባንነጋገርበት ደስ ይለኛል። ስለ እኔ ማወቅ የምትፈልገው ቢኖር እኔኑ ጠይቀኝ» በለው። ይህ በቂ ነው። የሐኪም ወረቀትህን ለሚመለከተው ኃላፊ እንጂ ለጉባኤው አታሳይ። ነገሩ ወደ በደል ከሄደ፣ ዕድገትህን ወይም እንጀራህን ከነካ፣ ለኃላፊ አቤት ማለት ሐሜት አይደለም። ለበደል መፍትሔ መሻት ሊቃውንት ከፈቀዷቸው ስድስት ሁኔታዎች አንዱ ነው።

አስቀድሞ የጥርጣሬን በር መዝጋትም ሱንና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ባለቤታቸው ሰፊያ (ረ.ዐ) ልትጠይቃቸው መጥታ ሲሸኟት፣ ሁለት አንሷሮች ሲያልፉ አብራቸው ያለችው ማን እንደሆነች ነግረዋቸዋል። የነገሯቸው ግን ጥርጣሬውን የሚያስወግደውን ያህል ብቻ ነው። አንተም ከቻልክ ቀድመህ «አልመጣም» በል፣ መዋጮህን ክፈል፣ ለሚሸኘው ሰው መልካም ምኞትህን ላክ። ካልቻልክ ደግሞ ወንጀል አልሠራህም።

ይህን ሁሉ ለልጆቻችን የሚያስተምረው ቤታችን ነው። አባት ማታ ገብቶ «እገሌ ዛሬም ቀረ፤ የሆነ ነገርማ አለበት» ሲል ልጁ ይሰማል። እናት «ተው፣ ወንድማችን አሞት ይሆናል፤ ነገ እንጠይቀው» ብትል ያም ልጅ ይሰማል። ያ ልጅ ነገ አድጎ በአንድ መሥሪያ ቤት ቡና ላይ ሲቀመጥ ከሁለቱ አንዱን ይናገራል።

አላህ ምላሳችንን ይጠብቅልን፤ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ የሌለ ወንድማቸውን ክብር ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።