«ዕቃሽ ጉምሩክ ተይዟል፣ ብር ላኪ!»

ለዛሬ ስለ ፍቅር ልጽፍላችሁ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን ፍቅሩ በካርቶን ታሽጎ፣ ቀረጥ ተቆልሎበት ስለመጣ ከቀረጡ ልጀምር። ፍቅሩ ወደኋላ ላይ ይመጣል፤ ታገሱኝ።

እኛ የልደታ ሰዎች ከ«ውጭ ዕቃ» ጋር የቆየ ዝምድና አለን። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ ከመሄዱ በፊት እዚሁ እኛ ሠፈር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ ቤቱ የልደታው ሜዳ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ ሜዳው ጠበበና በ1950ዎቹ ቦሌ ተሠራ። ለኛ የቀረልን «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው ስም ነው። ዛሬ ዕቃው የሚያርፈው ቦሌ ነው፤ ጭንቀቱ ግን ልደታ ኮንዶሚኒየም ድረስ ደረጃ ወጥቶ በር ያንኳኳል።

የኛን ቤት በር ያንኳኳው በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ነው። ታላቅ እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን አልተመለሰችም። ለእማዬ ለግንቦት ልደታ የምትለብሰው ቀሚስና ሹራብ፣ ለኔ ጃኬትና ጫማ ገዝታ «ሰው እስኪገኝ አልጠብቅም» አለችና በኩሪየር ላከችው። ዕቃው 200 ዶላር፣ ማጓጓዣው 110 ዶላር። ካርቶኑ ላይ በእጇ «ስጦታ» ብላ ጽፋበታለች።

ከአራት ቀን በኋላ ተደወለልኝ። «ዕቃችሁ ገብቷል፤ ቀረጡን ከፍላችሁ ውሰዱ።» ስንት? ስል 28 ሺህ ብር ከምናምን። ከዚያ ላይ የድርጅቱ የማስፈጸሚያ ክፍያ፣ የመጋዘን ኪራይ... ተደማምሮ 31 ሺህ ብር አለፈ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። እኔ እንግዲህ 12ኛን ጨርሼ በየጋዜጣው እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። 31 ሺህ ብር ለኔ የስንት ወር ጽሑፍ እንደሆነ አዘጋጁ ያውቃል!

ለእህቴ ስነግራት ጮኸች። «ስጦታ እኮ ነው! የገዛሁትን ዕቃ እንደገና ልትገዢው ነው? ተታለሽ ይሆናል!» እኔም ደሜ ፈላና «ማን ላኪ አለሽ?» አልኳት። ይሄን ቃል ከአፌ ባላወጣሁት ኖሮ! ሁለት ቀን ሳንደዋወል ቀረን። እማዬ መሀል ላይ ሆና «በቃ ተዉት፣ ልብስ ሞልቶኛል» ትላለች። ማታ ግን ፎቶዋን እያየች «ይሄን ቀሚስ እኮ በእጇ ነው ያጣጠፈችው» ስትል ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ምን አማራጭ አለኝ? ዕቁቤን አስቀድሜ ለምኜ ወስጄ ከፈልኩ።

ከከፈልኩ በኋላ ግን «ለምን ይሄን ያህል?» የሚል እልህ ያዘኝ። ዲክላራሲዮኑን ይዤ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። በምሳ ሰዓቱ ቁጭ ብሎ እንዲህ አስረዳኝ። እናንተም እስክሪብቶ ያዙ።

ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ነው። ለኩሪየሩ የተከፈለው 110 ዶላርም ይቀረጣል ማለት ነው። እንግዲህ ድምሩ 100 ብር ነው እንበል። የጉምሩክ ቀረጥ እንደ ዕቃው ዓይነት ከዜሮ እስከ 35 በመቶ ነው፤ ልብስና ጫማ ጣሪያው ላይ ነው ያለው። 100 ብሩ 135 ሆነ። ቀጥሎ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። እሱ ግን የሚታሰበው በመቶው ላይ ሳይሆን በ135ቱ ላይ ነው። ሆነ 155 ብር ከ25 ሣንቲም። በመጨረሻ በ1999 ዓ.ም. የመጣው ሱር ታክስ አለ፤ 10 በመቶ ነው። እሱም የሚያርፈው በሁሉም ድምር ላይ ነው። 170 ብር ከ78 ሣንቲም ገደማ!

አያችሁ? 35ና 15ና 10 ሲደመር 60 ነው ብሎ የተዘናጋ ሰው 71 ይጠብቀዋል። ቀረጡ ራሱ ይቀረጣላ! እንደ ዕቃው ዓይነት ኤክሳይዝና ሌላም የሚጨመርበት አለ።

ሁለተኛው ምሥጢር ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የኛ ዕቃ ሲገባ 130 ብር ብንለው፣ 310 ዶላሩ 40,300 ብር ይሆናል፤ ቀረጥና ታክሱ 28,522 ብር። ያው ካርቶን በ57 ብሩ ጊዜ ቢመጣ 12,500 ብር ገደማ ነበር የሚከፈልበት። ሕጉ ያው፣ መቶኛው ያው፣ የተለወጠው ብራችን ነው። እህቴ እዚያ ሆና ይሄን ከየት ታውቀዋለች? እኔስ እዚህ ሆኜ መቼ አወቅሁት? በከንቱ ተጣላን።

ደግሞ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ መርካቶ ውስጥ በጠባብ ክፍል ጎንበስ ብሎ ጫማ የሚሰፋ ልጅም አለ። የውጭው ጫማ በነፃ ቢገባ እሱ ምን ይበላል? ስለዚህ ቀረጥ ለምን ተፈጠረ ብዬ አልከራከርም። ስጦታ ላኪና ተቀባይ ሳያውቁት ይዋደቁ መባሉ ነው የሚያንገበግበኝ።

እሺ፣ አሁን ወደ ፍቅሩ እንምጣ።

ግንቦት 1 ቀን እንደ ወጉ ከብሎካችን በታች ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል። እማዬ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ «ልጄ ናት የላከችልኝ» እያለች ስትዞር፣ አንዲት የብሎካችን ልጅ ጠጋ ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ዕድሜዋ 23 ቢሆን ነው፤ ጨዋና ዝምተኛ ናት። «እህት ዓለም፣ አንቺ ጉምሩክ ነገር ታውቂያለሽ አሉ። ለብቻሽ ላማክርሽ?» አለችኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

ሰባት ወር ሆኗታል ከሰውዬው ጋር መጻጻፍ ከጀመረች። ፌስቡክ ላይ ነው የተዋወቁት። መርከብ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ነኝ ይላል፤ ሚስቴ ሞታብኛለች ይላል። በየቀኑ ጠዋት «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ» ይላታል፤ አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም። ታዲያ በልደቷ ቀን የካርቶን ፎቶ ላከላት። ስልክ፣ የወርቅ ሐብል፣ ቀሚስ፣ በፖስታ የታሸገ ዶላር። «ላኩልሽ» አላት። ከሳምንት በኋላ አማርኛ የምትናገር ሴት ደወለችላት። «ከኤርፖርት ነው፤ ዕቃሽ ጉምሩክ ተይዟል፣ የቀረጥ 18,500 ብር ላኪ።» የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ሰጠቻት። ልጅቷ ካጠራቀመችው አውጥታ ላከች። ሦስት ቀን ቆይታ ሴትዮዋ ደግማ ደወለች። «ዕቃው ሲፈተሽ ዶላር ተገኘበት። 45 ሺህ ብር ቅጣት ካልከፈልሽ በስምሽ ክስ ይመሠረታል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ «የእናቴ ሐብል አለ...» አለችኝ።

እናቷ ከኛ አሥር እርምጃ ርቃ ቡና ትቀዳለች።

የኔን ወረቀት ከቤት አምጥቼ ጭኗ ላይ ዘረጋሁላት። ይኸው የዲክላራሲዮን ቁጥር፤ ይኸው ቀረጡ፣ ታክሱ፣ ሱር ታክሱ እያንዳንዱ በየመስመሩ፤ ይኸው ደረሰኙ። «ያንቺ የታለ?» የላትም። «ብሩን የላክሽው በማን ስም ነው?» ስልኳን አየች። የአንድ ግለሰብ ስም ነው። ያኔ ገባት። ፊቷ ሲለወጥ ታየኝ፤ ግን አላለቀሰችም። «እና... ጠዋት ጠዋት የሚጽፍልኝስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ ምን መልስ አለኝ?

በማግሥቱ አብሬያት ባንክ ሄድኩ። ገንዘቡ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ወጥቷል። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃሏን ሰጠች። መልስ ይመጣል፣ አይመጣም፣ እግዜር ያውቃል። ነገር ግን የእናቷ ሐብል አሁንም ከእናቷ አንገት ላይ ነው። እሷም ታሪኩን እንድጽፈው የፈቀደችልኝ «ሌላዋ እንዳትከፍል» ብላ ነው። ስለዚህ አደራዋን ልወጣ።

አንደኛ፣ ቀረጥ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ አይከፈልም። አራት ነጥብ! ጉምሩክ ኮሚሽን የሚያስከፍለው በዲክላራሲዮን ቁጥር፣ በተቋም ስምና በደረሰኝ ነው። «ቶሎ ካልከፈልሽ ትታሰሪያለሽ» የሚል ስልክ ሲመጣ ዝጉትና ራሳችሁ ወደ ኩሪየሩ ቢሮ ሂዱ። የጥቅሉን ቁጥር ስጡ፤ ዕቃ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም ይሏችኋል። ትልልቆቹ ኩሪየሮች ጥሬ ገንዘብ በጥቅል ውስጥ እንደማይቀበሉም ዕወቁ። «ዶላር አሽጌ ላኩልሽ» ያለ ሁሉ ከመጀመሪያው ቃሉ ውሸታም ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ሁለተኛ፣ እውነተኛ ዘመድ ሲልክላችሁ ከመላኩ በፊት ተነጋገሩ። ልብስና ጫማ ከሆነ የዋጋውንና የማጓጓዣውን ድምር ቢያንስ 70 በመቶ ያህል አዘጋጁ። ማጓጓዣው ሲወደድ ቀረጡም አብሮ ይወደዳል፤ ስለዚህ የፖስታ ቤቱን ኢ.ኤም.ኤስና የኩሪየሮቹን ዋጋ አወዳድሩ። ፖስታ ቤታችን በ1886 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነ አንጋፋ ነው፤ አትርሱት። ቀረጡን ላኪው እዚያው የሚከፍልበት አሠራር ያላቸው ኩሪየሮችም አሉና ላኪያችሁ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ «ስጦታ» የሚል ጽሑፍ ከቀረጥ አያድንም። «5 ዶላር» ብሎ መጻፍ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። ጉምሩክ ዋጋውን ካላመነ በራሱ የዋጋ መረጃ ያሰላል፤ እናንተም በሐሰት ትጠረጠራላችሁ። እውነተኛው የግዢ ደረሰኝ ካርቶኑ ውስጥ ይግባ።

አራተኛ፣ አትዘግዩ። የመጋዘን ኪራይ ሌሊትም ይቆጥራል። ዕቃው ብዙ ከቆየ እንደተተወ ይቆጠርና ስጦታችሁ የሌላ ሰው ይሆናል።

አምስተኛ፣ በቴሌግራም ከውጭ ዕቃ የምታዝዙ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ «በኪሎ ይሄን ያህል» ስትባሉ «ቀረጡ አለበት ወይስ የለበትም?» ብላችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ዕቃው ከገባ በኋላ «ቀረጥ ጨምሯል» የሚባል ዘፈን አለ።

የመጨረሻው ምክሬ ለወንድምና እህት ነው። ካርቶን ይመጣል፣ ይሄዳል። በአንድ ካርቶን ምክንያት ግን ሰባት ዓመት የናፈቃችሁትን ሰው «ማን ላኪ አለሽ» አትበሉት። እኔ ለእህቴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ስሌቱን መስመር በመስመር አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «በሚቀጥለው ራሴ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ። እማዬ ይሄን ስትሰማ የሆነችውን ባያችሁ! እሱ ቀረጥ የለበትም።

በሉ እንግዲህ፣ ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።