የሚረሳ ሰው ይዞ ሩቅ መንገድ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ከክፍያ ጣቢያው ካርድ ተቀብሎ ወደ ፍጥነት መንገዱ የገባ መኪና እስከ ቀጣዩ መውጫ ድረስ ሐሳቡን መቀየር አይችልም። መንገዱ ግራና ቀኙ የታጠረ ነው፤ እግረኛ አይገባበትም፤ እንዳሻው የሚዞርበትም የለም። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የአዲስ–አዳማ መንገድ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር ስላለው ለሹፌር እፎይታ ነው። ከኋላ ወንበር «አውርዱኝ፣ ቤቴ ልሂድ» የሚሉ እናት ለያዘ ቤተሰብ ግን ሩቡ መንገድ እንኳ ቀን ሙሉ ይሆንበታል።

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ የምሥራቅና የደቡብ መውጫ በር ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ለማንገሥ የሚሄደው፣ ለልቅሶ አርሲ የሚወርደው፣ ለበዓል ሐዋሳ ዘመድ ጋ የሚዘልቀው በዚሁ ያልፋል። ከተሳፋሪው መሀል «ጃጅተዋል» ወይም «ዕድሜ ነው» ተብለው የታለፉ፣ ሐኪም ቢያያቸው ግን የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው የሚነግራቸው አዛውንቶች አይጠፉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገምታል፤ ከመቶ ስልሳ የሚበልጡት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ይዞ ሩቅ መንገድ መውጣት ይገባል? ጎረቤት መልስ አያጣም፤ «ምን አንከራተታቸው፣ ቤታቸው ይቀመጡ» ይላል። በዚህ ምክር ውስጥ ከአዘኔታው ሐፍረቱ ይበዛል። ሕመሙ ገና ሲጀምር ሰውየው ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ የወንድሙን ፊት ያውቃል። ይህችን ጊዜ በር ዘግቶ ማሳለፍ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ መሄዱ ደግ ነው። ችግሩ መነሻ ሰዓቱንም፣ ፍጥነቱንም፣ ማረፊያውንም በጤነኛው ሰው ልክ መቁረጣችን ነው።

ቱሉ ዲምቱ ራሱ ለዚህ ሕመም የሚመች ሰፈር አይደለም። በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃው ይመሳሰላል፣ ደረጃው ይመሳሰላል፣ በሩ ይመሳሰላል፤ መለያው ግድግዳ ላይ የተጻፈው የብሎክ ቁጥር ነው። ነዋሪውም በአብዛኛው ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው። ከመርሳት በሽታዎች ዋነኛው አልዛይመር ደግሞ ቀድሞ ከሚጎዳቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ አዲስ ትዝታ የሚመዘግበው ሂፖካምፐስ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የተገባበት ቤት ጨርሶ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል፤ የልጅነት ግቢ ግን ከነዋርካው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አመሻሽ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፌስታል አንጠልጥለው በሩ ላይ ለሚቆሙት እናት «እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ነው» ማለት ክርክር ይከፍታል እንጂ አያረጋጋም።

ይህን ሲሰሙ የሰነበቱ ልጆች «በቃ፣ አገሯን እናሳያት» ብለው ይነሳሉ። መነሳታቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እናት የሚፈልጉት ቤት ብዙ ጊዜ የዛሬ አርባ ዓመት የነበረው፣ እናታቸው በሕይወት ያሉበት ቤት ነው። አሰላ ተደርሶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ማታ እንደገና «ቤቴ ውሰዱኝ» ቢመጣ ጉዞው ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ የአልዛይመር ሕሙማን ያዩትን ፊልም ከረሱትም በኋላ ፊልሙ ያሳደረባቸው ደስታ ወይም ኀዘን አብሯቸው ቆይቷል። ከእህታቸው ጋር ተቃቅፈው የሳቁ እናት መሳቃቸውን ቢረሱም፣ ሳቁ ፊታቸው ላይ ይቆያል።

ለሹፌር የማይጥም ነገር እንናገር፦ አሮጌው መንገድ ይሻላል። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው መንገድ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ነው፤ ሰዓት ይበላል። ነገር ግን «አውርዱኝ» ሲባል መውረድ ይቻላል። በየከተማው ሻይ ቤት አለ፣ ጥላ አለ፣ ሰው አለ። ሰውየው ወርዶ ጥቂት ተራምዶ ሲመለስ የወረደበትን ምክንያት ረስቶት ሊሆን ይችላል። በፍጥነት መንገዱ ላይ ግን ያንኑ ጥያቄ እስከ መውጫው ድረስ በልመና መመለስ ነው፤ በር ለመክፈት የሚሞክር ሰው ከሆነ ደግሞ አደጋው ግልጽ ነው። የግድ በዚያ መሄድ ካለበት የኋላው በር ከውስጥ እንዳይከፈት የሕፃናት መቆለፊያው ይጠመድ፤ አጠገባቸውም ሰው ይቀመጥ።

ወደ ቁልቢ የሚሄድ ሰው ሌላም ፈተና አለው። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው የአዲስ አበባ ዳርቻ ተነስቶ መተሐራና አዋሽ ሲደርስ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። የታኅሣሡ ንግሥ የሚውለው በነቢያት ጾም ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አዛውንት ሳይበሉና ሳይጠጡ ይጓዛሉ። የመርሳት ሕመምተኛ ደግሞ ቢጠማውም ላይናገር ይችላል። የውኃ እጥረት ብቻውን ትናንት ደህና የነበረን አዛውንት በሰዓታት ውስጥ ሊያቃዠው ይችላል፤ ቤተሰብ «መንፈስ ነው» የሚለው አንዳንዴ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን ጹም ብላ አታስገድድም። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት «እስክንመለስ» ተብሎ ቤት መቅረቱም ሌላ ጣጣ ነው።

«መንገድ ላይ እንዲተኙ» ተብሎ የሚሰጠው ክኒን ከሁሉ ይብሳል። እንቅልፍ የሚያስይዙት አሮጌዎቹ የአለርጂና የማቅለሽለሽ መድኃኒቶች አሴቲልኮሊን የተባለውን፣ በአልዛይመር ቀድሞውኑ የመነመነውን የአንጎል ንጥረ ነገር ይገታሉ። ሕመምተኛው ይተኛል፤ ሲነቃ ግን ከበፊቱ ብሶበት፣ ሲነሳም ሚዛኑን ስቶ ሊሆን ይችላል።

ሽንት ቤቱስ? አባቷን ይዛ የምትጓዝ ሴት ልጅ ከወንዶች መጸዳጃ ደጃፍ ትቆማለች። መግባት አትችልም። አባቷ ገብተው የመጡበት ጠፍቷቸው በሌላ በር ወደ መናኸሪያው ግርግር ሊወጡ ይችላሉ። ያኔ ነው በየኤሌክትሪክ ምሰሶው የምናየው «አፋልጉኝ» የሚጻፈው፤ ፎቶው ከዓመታት በፊት ለመታወቂያ የተነሱት፣ ልብሱም የዚያን ቀን ያልለበሱት። ሲነሱ ጠዋት በር ላይ በስልክ አንድ ፎቶ ማንሳት፣ ከነጫማቸው፣ ኪሳቸውም ውስጥ ሁለት ስልክ ቁጥር ጽፎ መክተት ምንም አያስወጣም።

የጃፓን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመርሳት ሕመም ጋር በተያያዘ ከ19 ሺህ በላይ የመጥፋት ሪፖርት ተቀብሏል። ያቺ ባለጸጋ አገር ይህን ያህል ከተቸገረች እኛ መቁጠር ብንጀምር ምን እናገኝ ነበር? ጃፓኖች ግን ሥራ ሠርተዋል፤ በኦሙታ ከተማ ነዋሪው፣ ባለሱቁና የታክሲ ሹፌሩ የጠፋ አዛውንት ፍለጋ ይለማመዳል። ዕድሜው 75 የሞላ ጃፓናዊ መንጃ ፈቃድ ሲያሳድስ የማስታወስ ፈተና ይወስዳል። ይህኛው እኛንም ይመለከታል፤ የመርሳት ምልክት ያየንበትን አባት ቁልፉን ላለመንሳት ብለን በፍጥነት መንገድ መሪ ማስያዝ አክብሮት አይባልም።

እኛም ጋ ያልተጠቀምንበት መሣሪያ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የቆመው የፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራና የዓይን አይሪስ ይመዘግባል። ስሙን መናገር ያቃተው ሽማግሌ አዋሽ ላይ ቢገኝ፣ ፖሊስ በሕግ በተገደበ መንገድ በአሻራው ቤተሰቡን የሚያገኝበት አሠራር ሊዘረጋ ይገባል።

«በዚህ ሕመም ጉዞ አይቻልም» ለሚል ደግሞ አሜሪካዊው ዘፋኝ ግለን ካምቤል አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 አልዛይመር እንዳለበት በይፋ ተናግሮ ለስንብት ጉዞ ወጣ፤ ጉዞው ተራዝሞ 151 ኮንሰርት ሆነ። ሦስት ልጆቹ ከጀርባው ይጫወቱ ነበር፤ የዘፈኖቹ ግጥም ፊቱ በተቀመጠ ስክሪን ላይ ይታየው ነበር። ልጆቹ አባታቸውን ቤት አላስቀመጡም፤ መድረኩን ለእሱ አመቻቹለት። የእኛ ቤተሰብ ባንድም አውቶቡስም የለውም፤ ግን የሚያስፈልገው ዝግጅት ከዚያ ብዙም አይርቅም።

የሚቀረው ከቤተሰብ አቅም በላይ የሆነው ነው። የቁልቢ ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራት ሰው ሲመዘግቡ «የሚረሱ አሉ ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ካሉም ከነአስታማሚያቸው ፊት ወንበር ይስጧቸው፤ በየማረፊያውም ሰው ሳይቆጠር አውቶቡሱ አይነሳ። መናኸሪያዎች ሴት ልጅ አባቷን፣ ወንድ ልጅ እናቱን ይዞ የሚገባበት አንድ ለብቻው የሆነ መጸዳጃ ያዘጋጁ። ከየመኪናው ገንዘብ የሚሰበስበው የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝም ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ አዛውንት ወርዶ እግሩን የሚያፍታታበት፣ ጥላና ውኃ ያለው ማረፊያ ቢያሰናዳ፣ ደግሞ የት እንዳለ ካርዱ ሲሰጥ ቢነገር፣ ለጤነኛውም ሹፌር ይጠቅማል።