የምሁሩ ምንጭና የምርምሩ ፍሬ

ቡና በዱር በሚበቅልባት በከፋ ምድር፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረበት ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ተደቅኗል። ይኸውም መምህር ሲቀጠር ሚዛኑ የተማረበት ተቋም ዝና ነው ወይስ የሚያፈራው ሥራ? የሚለው ነው።

ጥያቄው ታሪካዊ ሥር አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም መምህራኑ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ኋላም ብልጫ ያገኙ ተመራቂዎች በረዳትነት እየተቀጠሩ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። በ1970ዎቹ መባቻ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአገር ውስጥ መጀመሩ ይህን ጥገኝነት ለማላላት የተወሰደ ተጨባጭ እርምጃ ነበር።

ከዚህ አኳያ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። አንደኛው የውጭ ዲግሪን እንደ ክታብ ያመልካል። ሁለተኛው የራሱን ምሩቅ ብቻ እየቀጠረ የመምህሩን ስሕተት በደቀ መዝሙሩ ያስደግማል። ሁለቱም ምርምር የሚወለድበትን ተጨባጭ ሁኔታ ይዘነጋሉ።

ለዚህ የቦንጋ በግ ምስክር ነው። የአዲዮ ወረዳ አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች ጋር ለዓመታት የበጎቻቸውን ክብደትና የዘር ሐረግ እየመዘገቡ ምርጥ አውራ ለይተዋል፤ ከዚህም ለሳይንስ መጽሔቶች የበቃ ዕውቀት ወጥቷል። ፍሬው የተገኘው ሥልጠና፣ የአርሶ አደሩ ልምድና በቦታው መሰንበት ስለ ተጣመሩ ነው።

እንግዲህ ተቋሙ ባለሙያን ከየአቅጣጫው ይሰብስብ። ለቀጠረው ግን የማስተማር ሸክሙን አቃልሎ ጊዜ፣ ቤተ ሙከራና የመስክ ወጪ ይስጥ። ንድፈ ሐሳብ ከተግባር ሲነጠል መካን ነው። ያለዚያ ዲግሪው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ የከፋን ደን ዕውቀትም ሌላው ይጽፈዋል።